ቀለም መቀባት ክልክል ነው

የማስተምረው የምርት ዲዛይን ኮርስ አንድ ሕግ አለው። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ያጉረመርሙበታል። መጀመሪያ ይዛችሁ የምትመጡት ሞዴል ቀለም መቀባት የለበትም። ካርቶን ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ የተጣለ ጄሪካን ይሁን ግድ የለኝም። ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን አላየውም። ባለፈው ዓመት አንዱ ከኋላ ሆኖ «መምህር፣ ቀለም ምን አድርጎዎት ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። መልሱ ረጅም ስለሆነ ያን ዕለት አለፍኩት።

መልሱ ያለው ቡሬ አጠገብ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ነው።

ያኔ የሜካኒካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ምህንድስና አምስት ዓመት ነው። አራተኛው ዓመት ግማሹ በኢንተርንሺፕ ስለሚያልቅ ከዚያ በፊት ያለችው ሴሚስተር ትጨናነቃለች። በዚያች ሴሚስተር ነው «ፕሮዳክት ዲዛይን ኤንድ ዴቨሎፕመንት» የሚባል ኮርስ የመጣው። በአማርኛ የምርት ልማት ልትሉት ትችላላችሁ፤ እኛ ግን «ፕሮዳክት» ብለን ነው የጨረስነው።

እስከዚያ ድረስ የተማርነው ሁሉ ጥያቄው ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ነው። ጭነቱ ይኸው፣ ርዝመቱ ይኸው፣ የዘንጉን ውፍረት አውጣ። መልሱ ከመጽሐፉ ኋላ አለ። ይህ ኮርስ ግን የመጀመሪያ ቀን «ሂዱና ችግር ፈልጋችሁ ኑ» አለን። እኛ ደግሞ ችግር መፍታት እንጂ ችግር መፈለግ ማን አስተምሮን!

ሂደቱ በአንድ ስላይድ ላይ በቀስት ተስሎ ነበር። የተጠቃሚውን ፍላጎት መስማት፤ ያንን ወደሚለካ ቁጥር መቀየር፤ ብዙ ሐሳብ ማፍለቅ፤ አንዱን መምረጥ፤ ናሙና መሥራት፤ መፈተን። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ወደ ኋላ የምትመለስ አንዲት ቀጭን ቀስትም ነበረች፤ በነጠብጣብ የተሠራች። ማናችንም ልብ አላልናትም።

ቡድናችን አምስት ነበር፤ በስም ዝርዝር ተራ የተመደበ። ፕሮጀክታችን የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ሆነ። ለምን? አንደኛ፣ አክስቴ ቡሬ አካባቢ በቆሎ ታመርታለች። ሁለተኛ፣ ሲኒየሮቻችን የሠሩት የጤፍ መውቂያ ወረቀት እጃችን ላይ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት እንደሚበልጥ ለመናገር አሁን አላፍርም።

መምህራችን «የጥራት ቤት» የሚባለውን ሠንጠረዥ አስተማሩን። ቤት የተባለው ከላዩ ጣሪያ የመሰለ ሦስት ማዕዘን ስላለው ነው። በግራ በኩል ተጠቃሚው የሚለው በራሱ ቃል ይሰፍራል፤ እያንዳንዱ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ነጥብ ይሰጠዋል። ከላይ ኢንጂነሩ የሚለካቸው ነገሮች ይደረደራሉ። ጣሪያው ደግሞ አንዱን ስታሻሽል ሌላው እንዴት እንደሚበላሽ ያሳያል። ሐሳቡ ከጃፓን ነው። ዮጂ አካዎ የተባሉት ሰው መነሻውን እ.ኤ.አ. በ1966 አቀረቡ፤ በ1972 ደግሞ የሚትሱቢሺ የኮቤ መርከብ መሥሪያ ሥራ ላይ አዋለው። መርከብ ለመሥራት የተጠቀሙበትን ቤት እኛ ዶርም ውስጥ በአንድ ሌሊት ገንብተን አደርን።

የተጠቃሚውን ድምፅ የጻፍነው እኛው ነን። «ፈጣን ይሁን» አምስት ነጥብ። «ርካሽ ይሁን» አምስት። «ለጥገና ይመች» አራት። «መልኩ የሚያምር ይሁን» ሦስት። ከአምስታችን አንድም ሙሉ ቀን ተቀምጦ በቆሎ የፈለፈለ አልነበረም። እኔ ራሴ በእረፍት ስሄድ የተፈለፈለውን ንፍሮ ነው የማውቀው።

ከዚያ የምርጫው ሠንጠረዥ መጣ። ስቱዋርት ፒው የሚባሉ፣ ግላስጎው በሚገኘው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሰው ያመጡት ዘዴ ነው። አንዱን ሐሳብ መነሻ ታደርጋለህ፤ ሌሎቹን ከሱ ጋር እያነጻጸርክ የተሻለውን ፕላስ፣ የባሰውን ማይነስ ትሰጣለህ። ቆንጆ ዘዴ ነው። እኛ ግን አሸናፊውን አስቀድመን አውቀነዋል፤ በሶሊድዎርክስ፣ በኮምፒውተር መሳያው ሶፍትዌር፣ ስሎ የጨረሰ ልጅ ስለነበረን። ፕላሶቹን ከውጤቱ ተነስተን ወደ ኋላ ሞላናቸው። ይህን ያላደረገ የምህንድስና ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ማሽኑን ያሠራነው ባሕር ዳር፣ አንድ የብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ፖሊ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መካከል የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራና የእርሻ መሣሪያ ሙያ ነበሩበት። ያኔ ፖሊ የጨረሰ ሰው ሞተር ፍታ ሲሉት ፈትቶ፣ ግጠም ሲሉት የሚገጥም ነው። ስዕላችንን ዘርግቼ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቤሪንግ ይገባል፤ በዚህ በኩል ፑሊና ቤልት» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ኩሽኔታ ማለትህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ፑሌጃና ቺንጋ?»

«አዎ።»

«እና እንዲያ አትልም?» አሉና ወደ ስዕሉ ተመለሱ። ጣታቸው የላሜራው ሽፋን ላይ ቆመ። «ይቺ 0.02 ምንድን ናት?»

«ቶለራንስ ነው። በሚሊ ሜትር።»

«ለላሜራ?» ከኪሳቸው ሜትራቸውን አወጡ፤ የብረት ጫፉ የተወላገደ ነው። «እኔ የምለካው በዚህ ነው። 0.02 የምትፈልግ ከሆነ ጃፓን ሂድ።»

ቶለራንስ ማለት ልኩ ቢሳሳት የሚፈቀደው መጠን ነው። ያ ቁጥር ሶፍትዌሩ በራሱ የሞላው ነበር። ማናችንም አላየነውም። ቶርኖ ላይ የሚወጣው ዘንግ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሽፋኑ ላሜራ ግን ሁለት ሚሊ ቢሳሳት በቆሎው አይሰማውም። የት መጠንቀቅ፣ የት መልቀቅ እንዳለብኝ የተማርኩት እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው። ክፍል ውስጥም ተነግሮን ይሆናል፤ ጆሮዬ አልነበረም።

ማሽኑ አለቀ። ወደ ዘጠና ኪሎ ይመዝናል። በመብራት የሚዞር አንድ ዲናሞ አለው። አረንጓዴ ቀባነው፤ እንደ ትራክተር። በሆፐሩ፣ በቆሎው በሚጨመርበት አፉ ላይ፣ የቡድናችንን ስም በነጭ ጻፍን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምሮ ነበር።

ጥር ላይ በአይሱዙ ጫንነው። መራዊን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ጥሊሊን አልፈን ቡሬ ወረድን። ከዚያ በፈረስ ጋሪ እስከ አክስቴ ግቢ። ስንደርስ ነው መብራት እንደሌለ ያወቅነው። «ያወቅነው» ማለት ራሱ ውሸት ነው፤ እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። የመብራት ምሰሶው በማሳዋ ጫፍ ያልፋል፤ መብራቱ ግን የሚወርደው ከተማ ነው። ስንጽፍ ምሰሶው ነው ትዝ ያለኝ። ተሯሩጠን ከቡሬ ጄኔሬተር ተከራየን።

ሲነሳ ጉድ ነው። ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። በቆሎው ይገባል፣ ፍሬው በዚህ ይወርዳል፣ ግማሹ ደግሞ አየር ላይ ይበተናል። ልጆች ያጨበጭባሉ። ዶሮዎች የዚያን ቀን ያገኙትን ሠርግ ድጋሚ አላዩም። እኛም መጠይቃችንን አውጥተን አሥራ ሁለት ሰው ጠየቅን። «ማሽኑ ጠቃሚ ነው?» በጣም እስማማለሁ። «ለአጠቃቀም ቀላል ነው?» በጣም እስማማለሁ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ድምፁ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ» ብለው አራት ሰጡ። አክስቴ ለሁሉም አምስት ሰጠች። «እሰይ የኔ ልጅ! ቀለሙስ ቢሆን እንዴት ያምራል!» አለች። አማካዩ 4.9 መጣ። ሪፖርቱ ላይ በደማቅ ጻፍነው። ኤ አገኘን። ማሽኑን ለአክስቴ መርቀን፣ ጄኔሬተሩን መልሰን ተመለስን።

በዓመቱ ጥር፣ ለአስተርዮ ማርያም ተመልሼ ሄድኩ።

ማሽኑ ከበረቱ ጥግ ቆሟል። ሆፐሩ ውስጥ ገለባ ተደርጎበት ዶሮ ታቅፋለች። አክስቴ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ድሮዋ፣ በእጇ ትፈለፍላለች። አጠገቧ ሁለት ጎረቤቶቿ አሉ።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ያየሁት። ሃያ ምናምን ዓመት አይቼዋለሁ፤ ግን አላየሁትም። የደረቀውን በቆሎ በግራ እጇ ትይዛለች። ፍሬው በተፈለፈለ ባዶ ቆረቆንዳ ጠርዝ አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትከፍታለች። አንዴ ከተከፈተ የቀረው በአውራ ጣት እየተገፋ ይረግፋል። ረድፉ ሲከፈት ጠጠር እንደረገጡ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አለው። አውራ ጣቷ ጎኑ ላይ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ወሬው አይቋረጥም። ስለ ማን ጋብቻ፣ ስለ ማን ላም ይወራል። ባዶውን ቆረቆንዳ ሳታይ ወደ ኋላዋ ትወረውረዋለች፤ ለምድጃ የሚቀመጠው ክምር ላይ ያርፋል።

«እቴቴ፣ ማሽኑ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል ልጄ፣ ደኅና ነው። እኛ ነን እንጂ ያልቻልንበት።»

ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ዕቃው አልሠራም አትልም። እኛ አልቻልንበትም ነው የምትለው። ዘጠና ኪሎ ብረት፣ መብራት የሌለበት ቤት ውስጥ ጥለን ሄደን፣ ጥፋቱን ራሷ ላይ አደረገችው። እነዚያ ሁሉ አምስቶች እንዲህ የተገኙ ናቸው። ከከተማ ድረስ ለፍቶ ለመጣ ልጅ፣ እንዲያ አሳምሮ ለቀባ ልጅ፣ ማን ነው «አይረባም» የሚለው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። መጠይቁ ላይ ይሉኝታ የሚገባበት ሣጥን አልነበረም።

ማታ ላይ የአጎቴ ልጅ መጣ። ዋሸራ ቅኔ ቤት የከረመ፣ ለበዓሉ የገባ ነው። የዶሮዋን ነገር አይቶ ሲስቅብኝ አመሸ። (ጎጃም ሆኖ ቅኔ ከተነሳ ሰምና ወርቅን መጥቀስ ደንብ ነው። ሁሉም ስለሚጠቅሰው እኔ ልተወው።) እሱ የነገረኝ ሌላ ነው። ቅኔ የሚጀምር ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ያችን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይነግራል። መምህሩ ያርሙታል። አንዳንዴ ጓደኞቹ ፊት ያፍራል። በማግስቱ ሌላ ሁለት ቤት ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው።

«እናንተ ግን» አለኝ፣ «ጉባኤ ቃና ሳትሞሉ በመወድስ ጀመራችሁ። ስምንት ቤት ከተበላሸ ማን ያርመዋል? ዝም ብሎ ያጨበጭብልሃል።»

ዝም አልኩ። አምስት ዓመት የተማርኩት ምህንድስና በሁለት መስመር ተነገረኝ። ትንሽም ተናደድኩ፤ ቆሎ እየለመነ የተማረ ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ።

በማግስቱ ቡሬ ወጣሁ። አንድ ብየዳ ቤት ከወዳደቀ ብረት ሁለት ኢንች ቱቦ አገኘሁ፤ በስንዝር አስቆረጥኩት። ውስጡ አራት የላሜራ ቁራጭ አስበየድኩ፤ በቆሎው ሲዞር ፍሬውን እንዲይዙ። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። እንዲህ ያለ የእጅ መፈልፈያ በብዙ የአፍሪካ አገር የታወቀ ነው። ያኔ ፕሮጀክቱን ስንጀምር «ሌላው ሰው ምን ሠርቷል?» ብለን አንድ ቀን ብንፈልግ እናገኘው ነበር። የሰነዱ ሁለተኛ ምዕራፍ ስለዚህ ነው የሚያወራው፤ እኛ ግን ከሲኒየሮቹ ወረቀት ገልብጠን «ጤፍ» የሚለውን «በቆሎ» ብለን ቀየርነው።

ብየዳው አስቀያሚ ነበር። አንዱ ላሜራ ጠሟል። ዝገቱ እጅ ያቆሽሻል። አክስቴ ስትቀበለኝ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። በቆሎ አስገብታ አዞረችው። ፍሬው ጭኗ ላይ ረገፈ። ሁለተኛውን ስታስገባ ግን፦

«ውይ! ይሄማ እጅ ይቆርጣል! ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራኸው? ደሞ አፉ ጠበበ፤ ይሄ ወፍራሙ አልገባልህ አለ። እጄን አላበው መሰለኝ ይንሸራተታል። ጫፏ ላይ ያለችው ፍሬ ትቀራለች፤ ግን እሷስ በጥርስም ትወጣለች። ይሄ ግን ደግ አደረገ፤ ቆረቆንዳውን አይሰብርም። የባለፈው መኪናችሁ አደቀቀብኝ እኮ፤ በምን ላነድ ነው?»

እስክሪብቶ ፍለጋ ቤት ውስጥ ሮጥኩ።

በአሥር ደቂቃ የተናገረችው አሥራ ሁለቱም መጠይቆች ካሉት ይበልጣል። ቆረቆንዳው ማገዶ ነው። እንዳለ መቅረት አለበት። ይህ ፍላጎት በጥራት ቤታችን ውስጥ የትም አልነበረም፤ እኛ ቆረቆንዳን «ተረፈ ምርት» ብለን ነው የጻፍነው። ጎረቤቷም ገባችበት። ትልቁ ማሽን ፍሬውን እየሰበረ ስለነበር ጎተራ የገባው ቶሎ ነቀዘ አለች። ይህንንም ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረንም። ዝገት ለለበሰ ቱቦ ማንም አያፍርለትም። አስቀያሚ ስለሆነ የሚሰደብ ነገር ሆነ፤ ሲሰደብ ደግሞ እውነቱ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደረቅ ነው፤ ግን ወደድኩት። ከክምሩ አርባ በቆሎ አነሳሁ። አክስቴ የምትዘራው ቢኤች 660 የሚባለውን፣ ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን ዝርያ ነው። በካሊፐር ወፍራም ወፍራም ጎናቸውን ለካሁ። ከ38 እስከ 55 ሚሊ ሜትር መጡ። የሁለት ኢንቹ ቱቦ ውስጡ 53 ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ላሜራዎቹ ቦታ ይይዛሉ። «አፉ ጠበበ» ያለችው ቁጥር ሆነ። ሁለት ኢንች ተኩል ቱቦ አደረግሁት። ላሜራዎቹን መግቢያው ላይ ዝቅ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ አስደረግሁ፤ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እንዲይዝ። ጠርዙን በሊማ አለዘብኩት። «ይንሸራተታል» ላለችው ሦስት ዓይነት መያዣ አሰብኩ። እሷ አልጠበቀችኝም። ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለት ቀዳ ጠመጠመችበት። ከሦስቱም ሐሳቤ ተሻለ።

ያንን የምርጫ ሠንጠረዥ በዚያ ሳምንት እንደገና ሠራሁት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። መነሻው የአክስቴ አውራ ጣት ነው። አረንጓዴው ማሽን በፍጥነት ፕላስ አገኘ። በክብደት ማይነስ፣ በመብራት ማይነስ፣ በቆረቆንዳ ማይነስ፣ በወሬ ማይነስ። አዎ፣ «ወሬ» የሚል ረድፍ አስገባሁ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስለ ማን ላም ሊወራ ነው?

ዛሬ ኮርሱን እኔው ነኝ የማስተምረው። የአካዎን ቤትም፣ የፒውን ሠንጠረዥም አስተምራለሁ። ዘዴዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ግን ባዶ ዕቃ ናቸው፤ ጠላ ካልጨመርክበት ጠላ አይቀዳም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት አስቀያሚ ነገር ሠርተው፣ ለሚጠቀምበት ሰው እጅ ላይ አስቀምጠው፣ የተሰደቡትን ጽፈው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ውጤት የምሰጠው ለስድቡ ነው።

ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። አምና አንድ ልጅ የድንች መለያ ወንፊት ከካርቶንና ከሽቦ ሠርቶ ለእናቱ ወሰደ። እናቱ አዩትና «ይሄን ለመሥራት ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» ብለው እንባ ቀረሽ አሉት። ልጁ ሳምንት ሙሉ ክፍል አልመጣም። ገበሬ ወላጅ ልጁን አስተምሮ ካርቶን ይዞ ሲመለስ ማየት ይከብደዋል፤ ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። አሁን ወደ ራሳቸው ቤት ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ቤት እልካቸዋለሁ። ሕጉ ራሱ ገና እየታረመ ነው።

ያ ልጅ ስለ ቀለሙ ሲጠይቀኝ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ለነገሩ ያን ሰሞን አክስቴ ደውላልኝ ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ።

«ያቺ ቱቦ» አለችኝ፣ «የጎረቤቴ ምራት ለአንድ ቀን ብላ ወስዳ ይኸው ወሯ፤ አልመልስም አለች።»

«ሌላ ላምጣልሽ እቴቴ?»

«አምጣ እንጂ። ግን አደራ፣ አፉ ሰፋ ይበል። ዘንድሮ የዘራነው ወፍራም ነው።»